ፎቶው የሄደበት

ባሌ ሙሉነህ ድንኳን ተካይ ነው። እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ ውስጥ ከእኛ ከኢትዮጵያ ከመጣነው ሰው ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ ከዘመድ በፊት የሚጠራው እሱን ነው። ብረቱን አቁሞ፣ ሸራውን ወጥሮ፣ ወንበሩን ደርድሮ ሲያበቃ ውጭ ገመዱ አጠገብ ይቆማል። ገብቶ አይቀመጥም። ስንቱን ለቅሶ በቆመበት አሳለፈው! "ምነው፣ አንተ ሰው አይደለህ?" ስለው "ገመዱን ማን ይጠብቀዋል?" ይለኛል።

አንድ ክረምት ነፋስ ሸራውን ከቀደደበት ወዲህ ደግሞ ራዳር ለከፈው። ፔሌፎኑ፣ የእጅ ስልኩ ላይ፣ ደመናው ከባሕር ሲመጣ በቀለም ያሳያል፤ አረንጓዴው ካፊያ ነው፣ ቢጫው ዝናብ፣ ቀዩ አያድርስ። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አምና "ማዕበል መጣ" ብሎ የሠርግ ድንኳን አስፈረሰ፤ ደመናው ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ነታንያ ዞረና ሙሽሮቹ በጠራራ ፀሐይ ተዳሩ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ "ነቢዩ" ይለዋል።

ዘንድሮ ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር የእትዬ ቦጋለች ወንድም ይታየው ሞተ። ድንኳኑ በሽማግሌና በአሮጊት ሞላ። እትዬ ቦጋለች ዋናው ምሰሶ ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ የወንድማቸው ፎቶ ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ውጭ ቅጠል አይነቃነቅም። ሙሉነህ ጠቀሰኝና ፔሌፎኑን አሳየኝ። ባሕሩ ላይ ቀይ ነገር ቀጥ ብሎ ወደኛ ይመጣል።

"እንደ አምናው ቢዞርስ?" አልኩት።

"ይዙር። ቢስቁ በእኔ ነው፤ ብረቱ ግን የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው።"

ገብቶ ጎንበስ አለ። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ኃይለኛ ነፋስ እየመጣ ነው። ሰውን ወደ ሚቅላት እናስገባ።" ሚቅላቱ የሚኖሩበት ሕንጻ ሥር ያለው የቦምብ መጠለያ ነው።

ዝናብ ፈርቶ ከለቅሶ መነሣት! እንዲህ ያለ ነውር የት ታይቶ! አንዱ ሽማግሌ "ነቢዩ መጣ" ብለው አጉረመረሙ። እትዬ ቦጋለች ግን ተቆጡ። "ለሸራህ ሳስተህ ነው? የወንድሜ ሰባት ቀን ሳይወጣ ድንኳኑን ልታፈርስበት? ውጣልኝ!"

ደሜ ፈላ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ሙሉነህ በዓይኑ ገሠጸኝ። ራዳሩን እንደገና አየ፤ ቀዩ ከባሕሩ ወጥቶ ከተማውን ነክቷል። ፔሌፎኑን ኪሱ ከተተና የይታየውን ፎቶ በሁለት እጁ ብድግ አደረገው።

የሟችን ፎቶ ከቤተሰብ በቀር ማን ይደፍራል? እሱ ግን ፎቶውን ከፍ አድርጎ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ "ወንድሜ! ይታየው ወንድሜ!" እያለ ወጣ። ሙሾ አያውቅም፣ ቤት እንኳ አይመታለትም። ይሁን እንጂ ፎቶ ተነሥቶ ሲሄድ አልቃሽ ተቀምጦ አይቀርም፤ ወጋችን ነው። አሮጊቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን ያዙ፤ እትዬ ቦጋለች "ወንድሜን ወዴት ትወስድብኛለህ!" እያሉ ከኋላው። እኔ የቀሩትን እየደገፍኩ አስወጣሁ። እሱ እያስለቀሰ ሁሉንም በሚቅላቱ ደረጃ አወረዳቸው።

በሩን ከመዝጋቴ ነፋሱ ደረሰ። የብረቱን ጩኸት ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ሲያባራ ወጣን። ሸራው ተበጫጭቆ የጎረቤት ሰገነት ላይ ተንጠልጥሏል። ዋናው ምሰሶ ተጣሞ የእትዬ ቦጋለች ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። የእንጀራችን ነገር አለቀ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ። ሙሉነህ ፎቶውን ጃኬቱ ውስጥ እንደሸጎጠ ነው፤ ጠብታ አልነካውም።

እትዬ ቦጋለች ጠጋ ብለው ፍራሹን አዩት።

"አንዱን ገመድ እንኳ አልፈታህም" አሉት።

"ጊዜ የት ነበረኝ፣ እትዬ?"

ለቅሶው ሚቅላት ውስጥ ቀጠለ። ሙሉነህ ፎቶውን አስቀምጦ እንደ ልማዱ በሩ ጋ ሊቆም ሲል እትዬ ቦጋለች እጁን ያዙት። ከቤተሰቡ መሀል ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

"ወዴት ትሄዳለህ? ወንድሜ ብለህ የለም እንዴ! ተቀመጥ።"

ሙሉነህ ተቀመጠ።