ነጭ በነጭ ላይ

ዶክተር አንሴልም ባሬ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው እግር ጣት መሃል ሲያዩ ኖረው ጡረታ የወጡ የቆዳ ሐኪም ነበሩ። ትውልዳቸው ፈረንሳይ ነው፤ ፍራንክፈርት ያስቀራቸው ፍቅር ነው። ባለቤታቸው ጊዝላ የከተማዋ ሰፈር የሮደልሃይም ልጅ ስለነበረች፣ እሳቸውም የሮደልሃይም ሰው ሆነው ቀሩ። ሕመምተኛ ጫማውን ለማውለቅ ሲያፍር፣ «አይዞህ፣ ይሄ የጫካው እንጉዳይ የሥጋ ዘመድ ነው፤ እንግዳ ሆኖ መጥቶብህ ነው» ይሉት ነበር። በሥራ ቀን የሰው ቆዳ ላይ የሚበቅለውን፣ እሑድ እሑድ ጫካ ውስጥ የሚበቅለውን ሲያጠኑ ኖሩ።

ጊዝላ ያረፈችው በፈረንጆቹ 2005፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። በሕመም ከመተኛቷ በፊት ከኒደርራድ ሰፈር ማዶ ባለው ጫካ አብረው ሲሄዱ አንድ የእንጉዳይ ቀለበት አገኙ። ግራጫ ባርኔጣ የደፉ እንጉዳዮች፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ልጆች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከላይ ብዙ ይመስላሉ፤ ከመሬት በታች ግን አንድ አካል ናቸው። ያ አካል በየዓመቱ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ መሃሉ ደግሞ ባዶ እየሆነ ይሄዳል። እየሰፉ መሃልን ማጣት፣ ምን ያለ ነገር ነው!

ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ በየዓመቱ ከቀለበቱ አንድ እንጉዳይ ይወስዳሉ። እግሩን ቆርጠው ባርኔጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡና ብርጭቆ ይደፉበታል። ሲያድር፣ ከባርኔጣው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተደረደሩት ስስ ሽፋኖች ነጭ ዱቄት ይረግፋል፤ ዘሩ ነው። በወደቀበት ስለሚቀር የሰው እጅ ያልሣለው ሥዕል ይሆናል። «ነጭ በነጭ ላይ ማን ያየዋል?» ሲሏቸው፣ የመጀመሪያውን አብረው ሲሠሩ ጊዝላ የሰጠችውን መልስ ይመልሱ ነበር፦ «ጥቁር ወረቀት ይጮኻል። ማየት የፈለገ ወደ መስኮት ያዘንብለው።»

ዱቄቱ እንዳይበን የሚረጩበት እሷ ትጠቀምበት የነበረውን የፀጉር ስፕሬይ ነው። ያን ዕለት ቤቱ እሷን እሷን ይሸታል። በዓመት አንድ ቀን።

በ2009 ዳሌያቸውን ተሰብረው ሲተኙ፣ የቤት ለቤት አስታማሚ ድርጅቱ እታለም የምትባል ልጅ ላከላቸው። ጥገኝነት ጠይቃ የመጣች፣ ጀርመንኛዋ ገና የሚንገዳገድ፣ እጇ ግን ሥራ የማይፈራ ወጣት ናት። በዚያ ዓመት እንጉዳዩን በታክሲ ሄደው፣ በምርኩዝ እያነከሱ ነበር ያመጡት። በማግስቱ ከመኝታ ክፍላቸው ሲወጡ ጠረጴዛው እንደ መስታወት ያበራል።

«እዚህ የነበረው የት ሄደ?»

«ያ የጅብ ጥላ? ጣልኩታ! ሸቶ ነበር እኮ፣ ዶክተር። ወረቀቱም አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ ጥርግ አድርጌልዎታለሁ።»

«የጅብ ምን?»

«ጥላ። በእኛ አገር እንዲህ ነው የምንለው። ዝናብ ሲመጣ ጅብ ይጠለልበታል።»

«ጅባችሁ ትንሽ ነው ማለት ነው?»

«ኧረ ጅቡስ ትልቅ ነው! ጥላው ነው እንጂ ያነሰው።»

ሳቀች። በዚያ ቤት ሰው ከሳቀ ቆይቷል። ዶክተሩ በአፋቸው የመጣውን ዋጡት። ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘነበሉት። እንደ ጨረር የሚዘረጋው የዱቄት መስመር የለም፤ የጨርቋ ዱካ ግን እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ ይታያል። በዚያው ላይ ስፕሬዩን ረጩበት፤ ዓመቱን ጽፈው፣ በመስታወት ክፈፍ አድርገው ከሌሎቹ ዓመታት ሥዕሎች ጎን ሰቀሉት።

እታለም ነገሩ የገባት ከወራት በኋላ፣ የክፈፎቹን መስታወት ስትወለውል የራሷን የጨርቅ ዱካ አይታ ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይኔ ጉዴ! ዝም አሉኝ?»

«ብናገር ሌላ ሰው ይልኩልኝ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ላትስቅ ትችላለች።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ እንጉዳይ ትጠይቃቸው ጀመር። ጭርት የእንጉዳይ ዘመድ መሆኑን ሲነግሯት ግን አልተቀበለችም። «ምነው፣ ዘመድ አጣ እንዴ?»

ዓመታት ሲያልፉ የዶክተሩ ዓይን እንደ ቀለበቱ ሆነ፤ ዳር ዳሩን ያያሉ፣ መሃሉ ጠፋ። ትክ ብለው ያዩት ነገር ሁሉ ይሰወራል። የእታለምን የጆሮ ጉትቻ ያያሉ፤ ፊቷን አያዩም። በ2014 ቅጠሉ ሲረግፍ፣ እንኳን ጫካ ደረጃውንም መውረድ አቃታቸው።

«ዘንድሮ ቀረ» አሉ።

«እኔ አመጣዋለሁ።»

«አንቺ? የጅብ ጥላ ልትነኪ?»

«በጓንት ነዋ! ለእርስዎ ስንቱን ነገር በጓንት አንስቼ የለ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የነገሯትን አቅጣጫ ይዛ ሄደች። ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። ዝናብ ጀመረ። ጠፍታባቸው ይሆን? ሰዎች ለቅመው ጨርሰውት ይሆን? ዘንድሮ ካለፈ፣ ያ ሽታ ወደዚህ ቤት የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ያለምክንያት መርጨት ደግሞ አይሆንላቸውም፤ ሞክረው ያውቃሉ፤ ሽታው ስፕሬይ ብቻ ሆኖባቸው ነበር።

ሊመሽ ሲል መጣች፤ ጫማዋ ጭቃ፣ በእጇ የተከደነ ጎድጓዳ ሳህን።

«ቀለበቱ የለም ብዬ ልመለስ ነበር! ለካ ሰፍቶ ሰፍቶ መንገዱን ተሻግሯል። መሃሉ ቆሜ ኖሯል የምፈልገው።»

 ዶክተሩ ምርኩዛቸውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆውን ያነሳችው እሷ ናት።

«ምን አለ?»

«ምንም። ነጭ ነው።»

«ወደ መስኮት አዘንብዪው። ቀስ ብለሽ።»

 ወደ መስኮቱ ስትራመድ፣ ወረቀቱም ሲንኮሻኮሽ ይሰማቸዋል።

«ውይ!»

«ምን?»

«አለ! መሃሉ ክብ ባዶ ነው፣ እግሩ የነበረበት። ከዚያ ዙሪያውን መስመር፣ ብዙ ብዙ ስስ መስመር… ሹሩባ ነው የሚመስለው። ፀጉር እንዲህ ከአናት ጀምሮ ወደ ታች ሲሠራ።» እጃቸውን ይዛ በገዛ ራሷ ፀጉር ላይ መስመሩን አስከተለቻቸው።

«ዳሩስ?»

«ዳሩ በንኖ እንደ ጭስ ሆኗል። ይህንን ነው እኔ በጨርቅ…» አልጨረሰችውም።

ረጨችበት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። እታለም እንደ ልማዷ አየር ልታስገባ የመስኮቱን እጀታ ያዘች።

«ዛሬ አትክፈቺው» አሏት።

እጇን አነሳች። ሌላ ቤት «ቴርሚን»፣ የሥራ ቀጠሮ፣ ስለነበራት ካፖርቷን ደርባ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ዶክተር ባሬ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሽታው እንዳይበን እንደሚፈራ ሰው ትንፋሻቸውን ቆጥበው ተቀመጡ። ሽታው መጀመሪያ ከመጋረጃው፣ ቀጥሎ ከወንበሩ፣ በመጨረሻም ከጣታቸው ላይ ለቀቀ። ያኔ ተነሥተው፣ በዳበሳ፣ መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት።