ማዶ ለመድረስ የጎደለኝ ሴኮንድ

ምን አግብቶኝ ነው እኔ አሮጊቷ የመንገድ መብራት ሴኮንድ ውስጥ የገባሁት? ፊደል ሳልቆጥር መሐንዲስ! እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ሙሉነሽ ትጽፋለች፤ ብታፍርብኝም ትጻፈው።

ከደብረ ታቦር የወጣሁ ለታ ጎረቤቴ ያልጋነሽ አንድ ከረጢት በሶ አሸክማኝ፣ አንገቴ ሥር ተወሽቃ አለቀሰች። እኔም «ሰርጌ ነው እንዴ?» ብየ ሳቅሁባት። ሚኒባሳችን ሐሙሲት ሲደርስ ገበያ ነበር። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አንዱን ወዳጁን «ከብቱ ደህና? ልጆች ደህና?» እስኪል መንገዱ ሁሉ ቆሞ ጠበቀው። ልትወስደኝ የመጣችው ሙሉነሽ ጀርመን አገር የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ተቆጣች።

«ይኼ እኮ የትራፊክ ፍሰቱን ይዘጋል!»

«ሰላምታ ምን ይዘጋል አንች?» አልኋት። ወዮልኝ፣ አላወቅሁም።

እዚህ ጀርመን ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ የነሐሴ ነው፤ ያውም ነጎድጓድ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚያለቅስ። ዳቦው ለጥርስ ጠላት ነው። ልጄ ጧት ወጥታ ማታ ትገባለች። ቀኑን የማወራው ከማቀዝቀዣው ጋር ነው፤ እሱ እንኳ ያጉረመርማል። ታዲያ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴት ጧት ጧት በመስኮቷ እጇን ታወዛውዝልኛለች። እኔም አወዛውዝላታለሁ። ይችንማ ሄጄ መጠየቅ አለብኝ አልሁ። ባዶ እጄን አልሄድ፣ በሶ አለኝ።

መሻገሪያው ላይ አምፔል አለ፤ መብራቱን ነው እንዲያ የሚሉት። አረንጓዴ ሲሆን ወጣሁ፤ መኪናው ቆመልኝ። ሰው ቆሞልሽ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ? እጅ ነሳሁ። «እንደምን አደርህ? ቤተሰብ ደህና?» ስል መብራቱ ቀላ፣ ጡሩምባው ቀለጠ። ወደ ኋላየ ተመለስሁ። በነጋታው ማንንም ሰላም ሳልል ሞከርሁ፤ ጉልበቴ ገና መሀል ሲያደርሰኝ ቀላ።

ለልጄ ነገርኋት።

«እማየ፣ አረንጓዴው የሚቆየው በእግረኛ ፍጥነት ተሰልቶ ነው። ሰው በሴኮንድ ምን ያህል እንደሚራመድ ተለክቷል።»

«የማን እግር ነው የተለካው?»

ወዲያው ለከተማው መሥሪያ ቤት አመለከተችልኝ። አንድ ሹም ቅጽ ይዞ ቤታችን መጣ፤ እሷ አስተረጎመች።

«መነሻዎ ከየት ነው?»

«ከደብረ ታቦር።»

«ዛሬ ማለቴ ነው።»

«ዛሬማ ከዚህ ወንበር።»

«መድረሻዎ?»

«ያ ማዶ ያለው መስኮት።»

«የጉዞው ዓላማ? ሥራ፣ ትምህርት፣ ግብይት፣ መዝናኛ?»

«ሰው መጠየቅ።»

ቅጹን ገለባበጠው። «እሱ የለም።»

«እና አገራችሁ ምን አለ?»

ይችን ልጄ አልተረጎመችም። ሰውየው «ሌላ» የሚል ሳጥን ውስጥ ጭረት አደረገልኝና ሄደ።

ይሁን፣ ሴኮንዱን ጨመሩልኝ። በሶየን አቅፌ፣ ማንንም ቀና ብየ ሳላይ ተሻገርሁ። ተሻገርሁ! መስኮቷ ሥር ቆሜ ሽቅብ ሳይ እጇን እያወዛወዘች ነው፤ በእጇ ጨርቅ ይዛለች። ለካ ጧት ጧት መስታወቷን ስትወለውል ኖሯል።

መስኮቱን ከፍታ «ቢተ?» አለችኝ፤ ምን ፈለግሽ ነው።

ያለኝን ጀርመንኛ ሁሉ አወጣሁላት፤ «ጉተን ታግ። ዳንከ። አምፔል።» ደህና ዋልሽ፣ አመሰግናለሁ፣ መብራት መሆኑ ነው።

ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ዘጋችው። እኔም በሶየን እንዳቀፍሁ በዚያው በረዘመው አረንጓዴ ተመለስሁ፤ እንዲያውም ጊዜ ተረፈኝ።

ለያልጋነሽ ደውየ እየሳቅሁ ነገርኋት። አብራኝ ትስቃለች ብየ ነበር።

«የሷን ተይው» አለችኝ። «ያንች መስኮት እዚህ አቧራ ለብሶ ተዘግቷል፤ እሱን የሚወለውለው የለም።»