ከጁፒተር ፊት የጠፋችው ነጥብ

ባለፎቶው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያፀዳ ኖሯል። ለልደት፣ ለምረቃ፣ ለሠርግ የሚነሳ ሁሉ ብጉሩንና ጠባሳውን ለእሱ ትቶ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ አንድ በአንድ ይለቅማል።

ሲመሽ ሱቁን ዘግቶ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ከውሃ ቱቦ የሠራት ቴሌስኮፕ አለችው፤ ጎረቤቶቹ «መድፉ» ይሏታል። ጫፏ ላይ ትንሽ ካሜራ ሰክቶ ቪዲዮ ይቀርፃል። አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ ፕላኔት በአንድ ፎቶ እሺ አይልም፤ ከሺህ ምስሎች ጥርት ያሉትን መርጦ አንዱን በሌላው ላይ ይደራርባል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሁለት ወር ወዲህ ስፌቷ እየዛነፈ አስቸግሯታል። ይህን ከእሱ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም፤ ዓይኗ ከከዳት እንጀራዋም አብሮ መሄዱ ነው።

አንድ ምሽት ሻይ ይዛለት ወጣች። ጁፒተር ላፕቶፑ ስክሪን ላይ፣ ውሃ ውስጥ እንደወደቀች ብርቱካን ትዋልላለች። ከአራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቿ ሦስቱ ከጎኗ ተሰልፈዋል፤ አራተኛዋ አልታየችም።

«ይቺ ጥቁር ነጥብ ምንድን ናት?» አለች።

«የቷ?» መድፉን እያስተካከለ ስለነበር ቀና አላለም። «አቧራ ይሆናል። ወይ ዓይንሽ ነው።»

ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። እሷ ሻዩን አስቀምጣ ወረደች።

ጠዋት ፎቶውን አትሞ አሳያት። ጁፒተር የደመና ቀበቶዎቿን ታጥቃ ጥርት ብላለች።

«ነጥቧ የለችም» አለች፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ እያየችው።

«የለችም።»

«እንግዲያው ዓይኔ ነው።» የጀመረችውን የደንበኛ ቀሚስ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። «ስትመጣ ለሌላ ሰፊ ስጪው እላታለሁ። የሰው ልብስ አላበላሽም።»

ሱቁ ገብቶ ቁጭ እንዳለ የገዛ እጁ ትዝ አለው። ትናንት ምስሉን ሲያሳምር የጁፒተር ጉንጭ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ነበረች። እንደ ማድያት ጠረግ አድርጓት አልፏል፤ ሳያስበው።

ዋናዎቹን ቪዲዮዎች ከፈተ። ነጥቧ አለች፤ ክብ፣ እንደ ቀለም ጠብታ። አንድ ሰዓት ያህል እያሰለሰ የቀረፃቸውን በተራ ሲያያቸው፣ ከጁፒተር አንድ ጉንጭ ተነስታ ወደ ሌላው ስትጓዝ አያት። አቧራ እንዲህ አይሄድም። ለካ አራተኛዋ ጨረቃ ከፊቷ እያለፈች ጥላዋን ጥላባት ኖሯል።

ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቱ ደረሰ።

«ዓይንሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

«ምኗን?»

«ነጥቧን። የጨረቃ ጥላ ናት፤ እኔ ማድያት መስላኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የሰዉን ጨረቃ ስታጠፋ ነዋ የኖርከው።»

«ሳልሆን አልቀርም።»

«ስፌቴስ ታዲያ ለምን ይዛነፋል?»

«እሱን ነገ ሐኪም ይንገረን። እኔ ዓይን መመርመር ትናንት አቁሜያለሁ።»

ሳቋ ቢያመልጣትም ቶሎ ዋጠችው። ላፕቶፑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ነጥቧ በደመናዎቹ ላይ ቀስ እያለች ታልፋለች፤ ስታልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ታስነሳታለች። ደንበኛዋ በሩን አንኳኩታ «ቀሚሴ ደረሰ?» ስትል ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል መለሰችላት፦

«ግቢ፣ ቁጭ በይ። ቀስ ብዬ እጨርስልሻለሁ። አሁን ግን ይቺ ነገር ዳር ልትደርስ ነው።»