ቤታችን ጎማ ላይ፣ ሐኪማችን ቬጋስ

ማክሰኞ ንጋት፣ ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። የበረሃ የጥር ብርድ እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ ያልቀመሰው አያውቀውም። ባለቤቴ ገዛኸኝ የእጅ ባትሪ ይዞ በአርቪያችን ዙሪያ ይዞራል፤ የውኃውን ቱቦ ነቅሎ ይጠቀልላል፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ይሰበስባል፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። እኔ ውስጥ ሆኜ ብርጭቆና ሳህኑን መንገድ ላይ እንዳይንኮሻኮሽ በፎጣ እየጠቀለልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ እከታለሁ።

አርቪ ለማታውቁ አንባቢዎቼ፦ መኝታ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው። ቬጋስ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር የነበረንን ቤት ሸጠን እዚህ ውስጥ ከገባን ዓመት አልፎናል። ገዛኸኝ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ እኔ ካዚኖ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሳገለግል ነው ዕድሜያችን የሄደው። እሱ ያን ሁሉ ዘመን ከኤርፖርት ካዚኖዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ ስትሪፕ፣ ከስትሪፕ ወደ ኤርፖርት ሲመላለስ ኖሮ፣ “አሁን ደግሞ እኔ የፈለግሁበት ልሂድ” አለ። እኔም ኦቨርታይም የሚል ቃል ዳግመኛ ላለመስማት ስል ተከተልኩት። አልጸጸተኝም።

የዛሬው መንገድ ግን የሽርሽር አይደለም። ባለፈው መኸር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳለን የገዛኸኝ ልብ ምቱን ሳተ። ድንገተኛ ክፍል አድርሰነው ምቱ ተስተካከለለት፤ ያንን ኢንሹራንሳችን ከፈለ፤ ድንገተኛ ከሆነ የትም ይከፍላል። ሲያስወጡን ግን “በዚህ ሳምንት የልብ ሐኪም ይየው” አሉን። የእኛ ኢንሹራንስ ደግሞ ቀጠሮ የሚሸፍነው ቬጋስ ላሉ ሐኪሞች ብቻ ነው። ስንገዛው ቤት ነበረን፤ ቤታችን ጎማ ያወጣል ብሎ ማን አሰበ? ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ተመለስን። እኔ አስፋልቱን ትቼ የእሱን ደረት ሳይ ነበር የመጣሁት።

ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጡረተኞች መድን ለእሱ ገና ነው። እንግዲህ ወይ በየስቴቱ የሚሠራ ኢንሹራንስ እናገኛለን፣ ወይ አርቪውን ሸጠን አፓርታማ እንከራያለን። የዓመቱ የኢንሹራንስ ምዝገባ በዚህ ሳምንት ይዘጋል፤ ዛሬ ወደ ቬጋስ የምንነዳው ለዚህ ነው።

ልንነሳ ስንል ጎረቤታችን ዋልተር ቡናውን በትልቅ ኩባያ ይዞ መጣ። ከሚኔሶታ የመጣ ጡረተኛ አናጢ ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ ደግ ሰው ነው።

“እኔና ሚስቴ ኢንሹራንስ የሚባለውን ትተናል” አለን። “ማኅበር ነው ያለን። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ የታመመ ሲኖር ከተዋጣው ይከፈልለታል። ስቴት አይመርጥም። ዋጋውም ግማሽ ነው።”

የገዛኸኝ ፊት ፈካ። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ “ሰማሽ? ዕድር ነው እኮ!” አለኝ።

“ዕድር ለቀብር ነው። አንተ ገና አልሞትክም” አልኩት።

ዋልተር የማኅበሩን ስልክ ቁጥር ሰጠውና እጁን ጨብጦ ሸኘን።

ረፋድ፣ ፓርከርና ሌክ ሐቫሱ

ከፓርከር በኋላ የኮሎራዶ ወንዝ በግራችን ተገለጠ፤ አረንጓዴ ውኃ፣ ከዳርና ከዳር ደረቅ ቀይ ድንጋይ። ጀልባዎች በሸራ ተሸፍነው ቆመዋል። ሐቫሱ ላይ እንቁላልና ድንች በላን፤ አስተናጋጇ ቡና ሳንጠይቃት ደጋግማ ትቀዳለች። ገዛኸኝ ጨው የሌለበት አዝዞ፣ ከእኔ ሳህን ጨው ያለበትን ድንች ይሰርቃል። እጁን በሹካ መታሁት።

ስለ ገዛኸኝና ስለ ዕድር ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። የቬጋስ ዕድራችን ሲቋቋም ደንቡን ካረቀቁት አንዱ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ገንዘብ ያዥ ነበር። ሰው ሞተ ሲባል የታክሲ ሺፍቱን ጥሎ ወንበርና ጠረጴዛ የሚጭን፣ አስከሬን አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ከኤርፖርት የማይጠፋ እሱ ነው። ኢንሹራንስ ካምፓኒ ለእሱ ፊት የሌለው ነገር ነው። ማኅበር ካላችሁት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያምናል።

“ምኑን ትጠራጠሪያለሽ?” አለኝ እንደገና መንገድ ስንጀምር። “ሰው ያዋጣል፣ ሰው ሲቸገር ይወጣለታል። ይኸው ነው።”

“የዕድሩ ሰዎች ያውቁሃል። የዋልተርን ማኅበር ሰዎች ማን ያውቃቸዋል?”

“ዋልተር” አለኝ።

ሳቅሁ። ቬጋስ እንደገባን ያለንን ኢንሹራንስ ሰርዞ ማኅበሩ ውስጥ ሊገባ ቆርጧል። እኔ ደግሞ ያለችንን አንዷን ጥላ አሽቀንጥረን ዝናብ ላይ እንዳንወጣ ፈርቻለሁ።

ቀትር፣ ኒድልስ፣ ካሊፎርኒያ

ኒድልስ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ወይ ተገዷል ወይ አላወቀም። ከወንዙ ማዶ አሪዞና ርካሽ ነው፤ ወዲህ ስትሻገሩ ማደያው ያስለቅሳል። እኛ ሐቫሱ ላይ ስንከራከር መቅዳቱን ረስተነው መጣን። ገዛኸኝ የማሽኑ ቁጥር ሲሮጥ እያየ ደረቱን ያዘ። ደነገጥኩ።

“ምን ሆንክ?”

“ልቤን የሚያመኝ ይሄ ዋጋ ነው” አለ።

ቀልዱ እኔን አላሳቀኝም። አጠገባችን የሚቀዳ ያገራችን ልጅ ነበር፤ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። አማርኛችንን ሰምቶ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። “ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ እርስዎም ሎንግ ሆል፣ የረጅም መንገድ ጭነት ጀመሩ እንዴ?” አለው አርቪውን እያየ። የምንኖረው እዚህ ውስጥ ነው ስንለው መጀመሪያ አዘነልን፣ ቀጥሎ ውስጡን ካልጎበኘሁ አለ፣ ሲወርድ ዋጋውን ጠየቀ።

ከሰዓት፣ ሰርችላይት፣ ኔቫዳ

ሰርችላይት ማለት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ሁለት የቁማር ማሽን ያለባቸው ሱቆችና ነፋስ ናቸው። ገዛኸኝ ጥግ ይዞ አቆመና፣ “አሁኑኑ ደውዬ ልመዝገብ፤ ቬጋስ ስንደርስ ነገሩ ያለቀ ይሁን” አለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳች። ዕድሜውን ጠየቀች፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆን ጠየቀች፣ ሕመም እንዳለው ጠየቀች። ገዛኸኝ አይዋሽም። የልቡን ነገር ከኒው ሜክሲኮ ጀምሮ እስከሚውጠው ኪኒን ነገራት።

“አዝናለሁ ሰር” አለች። “ከመግባትዎ በፊት የጀመረ ሕመም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪ በአባላቱ አይሸፈንም። ለሌላው ሕመም ግን እንኳን ደህና መጡ።”

“ሌላ ሕመም የለኝም” አላት።

“ደግሞም እኛ ኢንሹራንስ አይደለንም፤ እንከፍላለን ብለን ግዴታ አንገባም። አባላቱ በፈቃዳቸው ነው የሚረዳዱት።”

ገዛኸኝ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። እኛም ማኅበር አለን። ሰው ሲሞትብን በምን ሞተ ብለን አንጠይቅም። አባል ነው ወይ ብለን ብቻ ነው የምንጠይቀው። እናንተ ሕመሙን ለምን ትጠይቃላችሁ?”

ልጅቷ “ጥሩ ማኅበር አላችሁ፣ ሰር” አለችው። እሱም አመስግኗት ዘጋው።

ለዋልተር ይሠራ ይሆናል፤ ጤነኛ ነው፣ ያው አውቆ ገብቶበታል። ለእኛ ግን የምንፈልገውን አንዱን ነገር ያስቀረ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ስከራከር ውዬ፣ አሁን ረታሁ ብል ምንም ደስታ አላገኘሁበትም። መሪውን ይዞ ነፋሱን ሲያይ አንጀቴን በላው።

“ዕድር አይደለም” አለ በመጨረሻ፣ መኪናውን እያስነሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ቬጋስ

ኢንተርፕራይዝ በመጣን ቁጥር አዲስ ሰፈር በቅሎበት ነው የምናገኘው፤ አንድ ዓይነት ጣሪያ፣ አንድ ዓይነት ግንብ። የጓደኛዬ ልጅ ቤዛ ቢሮዋ እዚህ ነው፤ ሥራዋ ሰው ኢንሹራንስ እንዲመርጥ መርዳት ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ እንግሊዝኛ የጠጣ፣ ልቧ ግን እንደ እናቷ የሆነች ልጅ ናት። አርቪያችን የሱቆቹን ፓርኪንግ ግማሽ ይዞ ስታይ በመስኮት ሳቀች።

“ጋሼ፣ አንተ ሦስት ሰው ስፖት ላይ ፓርክ አድርገሃል” አለችው። አንተ ስትለው ደስ ይለዋል፤ የወጣትነት ዘመኑ የተመለሰ ይመስለዋል።

የዋልተርን ማኅበር ነገር ስንነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። “ኢንሹራንስ ካንስል አላደረጋችሁም አይደል? እንኳን! ካንስል ካደረጋችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ነው የምትጠብቁት።”

ከዚያ በቀስታ አስረዳችን። እዚህ ኔቫዳ እሷ የምታገኝልን ኢንሹራንስ ሁሉ ሐኪሞቹ የቬጋስ አካባቢ ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ ግን በየስቴቱ ከሐኪሞች ጋር ውል ያለው አንድ አለ፤ ወርኃዊው ከፍ ይላል። እሱን ለመግዛት የፍሎሪዳ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል።

ገዛኸኝ መላው ወዲያው መጣለት። “የወንድሜ ልጅ ፍሎሪዳ አለ። የእሱን አድራሻ ጻፊው።”

እውነቱን ለመናገር እኔም ያው ነበር የመጣልኝ። እኛ ሐበሾች ደብዳቤያችን የማይሄድበት የዘመድ ቤት የለም።

“ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ። እሱ ፍሮድ ነው፣ ማጭበርበር። ስትታመም እነሱ ቼክ ያደርጋሉ፣ ከዚያ አይከፍሉም። በእውነት መሄድ አለባችሁ። መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ፣ ሁሉም እዚያ። ስቴት የለወጠ ሰው በዓመቱ መሃልም መቀየር ይችላል፣ ግን ከዚያ በፊት ኢንሹራንስ ካለው ነው። ስለዚህ ዛሬ የኔቫዳውን እናድሳለን፣ እናንተ ትነዳላችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ ትደውሉልኛላችሁ። እኔ እዚያም ላይሰንስ አለኝ።”

“ሁሉም ሐኪም ይቀበለዋል?” አልኳት።

“ሁሉም አይደለም፣ አንቲ። ከቀጠሮ በፊት ሁልጊዜ ጠይቁ። ግን ኒው ሜክሲኮ አለ፣ ሚኔሶታ አለ፣ እዚህም አለ።” ስክሪኑን አዞረችልን። የገዛኸኝ የቬጋስ ሐኪም ስምም እዚያ ላይ ነበር።

ጥሩ ዜና ነው። የገዛኸኝ ፊት ግን አልፈካም። ምን እንዳሰበ ገባኝ፤ የዕድራችን ደንብ አባል የኔቫዳ ነዋሪ ይሁን ይላል። ታዲያ ማን ይቀብረናል የሚለው ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። እሱ በሕይወት እንዲቆይ ነው የምፈልገው፤ ሌላው ይደረስበታል።

ስልኩን አወጣና ለዕድሩ ሰብሳቢ ለጋሽ ደምሴ ደወለ። ከሰላምታው በኋላ ሁሉንም ነገራቸው።

“ደንቡ ግልጽ ነው፤ እኔው ነኝ ያረቀቅሁት። ስሜን ከመዝገቡ ያውጡልኝ” አላቸው።

ጋሽ ደምሴ በድምፅ ማጉያው መለሱለት። “ስማ ገዛኸኝ፣ ከዚህ ዕድር እስካሁን ሰው የወጣው ሞቶ ነው። መዳን ፈልጎ የወጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።” ሳቁ፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረ። “ሂድ። ሜዲኬርህ ሲደርስ ትመለሳለህ።”

ገዛኸኝ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ቤዛ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ መተየብ ጀመረች።

አመሻሽ፣ ዊትኒ፣ ቬጋስ

ዊትኒ ያለው የአርቪ ፓርክ ቦታ ነበረው። ከሺፍት የሚመለሱ ሰዎች መኪና መንገዱን ሞልቶታል፤ የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ከሱቅ ላስቲክ ይዘው የሚወጡትን ሳይ የድሮው ድካሜ ትዝ አለኝ። ገዛኸኝ ውኃውን አያያዘ፣ መብራቱን ሰካ። እኔ ምስር ጣድኩ፣ ያለ ጨው።

ገብቶ ተቀመጠ። “ወደ ፍሎሪዳ ከመሄዳችን በፊት ሐኪሜ ቢያየኝ” አለኝ።

“ቀጠሮህ ገና ነው እኮ።”

“ባለፈው ሳምንት የልቤ ነገር ተነስቶብኝ ነበር። ከዚያ በፊትም።”

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ጎኑ ተኝቼ፣ አብሬው በልቼ፣ ደረቱን ሳይ ውዬ አላወቅሁም።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ ወደ ቬጋስ ተመለስ ትይኛለሽ፣ ከዚያ አርቪውን እንሸጣለን። ሐኪም ያለው እዚህ ብቻ ነበራ። ስለዚህ ውጭ ወጥቼ እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቅ ነበር።” እጄን ያዘ። “አሁን የትም ብንሆን ሐኪም ይኖራል። ከእንግዲህ ሲያመኝ እነግርሻለሁ።”

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ የመጣው እንባ ነው። የምስሩን እሳት አጠፋሁና ለሐኪሙ ቢሮ ደወልኩ። ሊዘጉ ሲሉ ነበር የደረስኩባቸው። ነገ ጠዋት አምጪው አሉኝ።