ኃይሉን ወደ ጉለሌ ያመጣሁበት ቀን

ጠዋት፣ ከቤት

ልጄ ኃይሉ ሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ፣ አስመራ ታክሞ አዲስ አበባ መግባቱን የሰማሁት ትናንት ነው። ወሬውን ያመጣልኝ ጓደኛው፣ ቀኝ እግሩ መቆረጡን አልደበቀኝም። «የሰፈር ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም፤ ነገ ከሆስፒታል ስወጣ ገጠር አጎቴ ጋ እገባለሁ ብሏል» አለኝ። ሳይሄድብኝ ልደርስበት በማለዳ ተነሣሁ። ድፎ ዳቦና ጫማውን በፎጣ ቋጠርኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ከሰፈሩ ሰው ጋር የኃይሉን ክፍል የፈረሰ ግድግዳ ሊጠግኑ ጭቃ ያቦካሉ።

«አንቺ ልጁን ይዘሽ ነይ፤ ቤቱን ለእኛ ተይው» አሉኝ።

መንገድ ላይ

ዊንጌት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጳውሎስን እንዳለፍን ለፍተሻ አስወረዱን። ፈታሹ ፎጣዬን ገልጦ አየ።

«ለማን ነው እናቴ?»

«ለቁስለኛ ልጄ።»

«እግዜር ይማርልዎት፤ ይለፉ።»

መርካቶ ብርቱካን ተወዶ ሙዝ ገዛሁ። ምልምል ወታደሮች የጫኑ መኪኖች በዘፈን አለፉ፤ እናቶች ከዳር ያለቅሳሉ። እዚያው ፊት ለፊት ግንበኞች ለአዲስ ፎቅ ድንጋይ እየተቀባበሉ ይቀላለዳሉ። የቱን እንደማይ ግራ ገባኝ።

ሆስፒታል

ኃይሉ አልጋው አጠገብ ቆሟል። በሁለት እግር! ሰው ሠራሽ እግር እንደተገጠመለት ማንም አልነገረኝም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ስጨርስ ፎጣውን ፈታ።

«እማዬ፣ የቀኙ ጫማ የታለ?»

«አይተኸው እንዳይከፋህ ብዬ... ቤት ተውኩት።»

ጎኑ የተኛው ቁስለኛ ቀና አለ። «እማማ፣ የኃይሉን ግማሽ ብቻ ነው የሚወስዱት? ሌላውን ለእኛ ሊተዉልን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኃይሉ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በግራው የቆዳ ጫማውን፣ በቀኙ የሆስፒታሉን ሸራ ጫማ አድርጎ ተነሣ።

«በቃ፣ ለጫማዬ ስል ጉለሌ እገባለሁ» አለ።

ጉለሌ

ከአውቶቡስ ስንወርድ «እስኪመሽ እንቆይ» አለኝ። እጁን ያዝኩና መንገዴን ቀጠልኩ፤ ተከተለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃችን ላይ ነው። ጋሽ በቀለ ወደ እግሩ እንኳ አላዩም።

«አንተ! በገዛ ክፍልህ እኛን ታስለፋለህ? ና ምረግ!»

ኃይሉ እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ።

«ኧረ እግርህን! እግርህን ልጄ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እማዬ፣ የምመርገው በእጄ ነው!»

ልጄ ከሰው ዓይን ሊሸሸግ አስቦ ነበር፤ እሱን የሚያቆመው ግን ሰው ነው። ነጠላዬን አደገደግሁና ጭቃ አቀብለው ጀመር።