ጥቁሯ ልጣፊ

ሮቤ ከተማን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጉሙ ነው። ጠዋት ጠዋት የስንዴውን ማሳ፣ መንገዱን፣ የቢሯችንን ጣራ ሳይቀር ይውጠውና ከውስጡ አንድ ሽማግሌ ደብተር በብብታቸው ሸጉጠው ብቅ ይላሉ። የእርሻ ቢሮው ዝናብ ለኪ ነበሩ። ከቆርቆሮው መለኪያ ያነበቡትን በየቀኑ ይጽፋሉ፤ ከጎኑ ደግሞ የዕለቱን ወሬ ጣል ያደርጋሉ፦ «ላሟ ወለደች»፣ «ጎባ በረዶ ጣለ»። አንዱ ገጽ ላይ «አሥራ ሁለት ሚሊ። ልጄ ዘመተ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ የተሰማ ነገር አልነበረም።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ቢሯችን ኮምፒውተር መጣለትና እኔ፣ ታይፒስቷ፣ ተሾምኩበት። ክረምቱን ሙሉ ደብተሮቹን ወደ አንዲት ፍሎፒ፣ ወደዚያች ስስ የኮምፒውተር ዲስክ፣ ገለበጥኩ፤ ቁጥሩን እንዳለ፣ ወሬውን በፈረንጅ ፊደል። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው የስንት ዓመት ዝናባቸው መስታወቱ ላይ በአረንጓዴ ሲወርድ ያያሉ። እኔም አንዳንዴ ጣቴን አቁሜ አብሬያቸው አያለሁ።

«ገባ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ገባ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

አመኑኝ። ደብተሮቹን ለሚስታቸው ሰጧቸው፤ ጎባ ገበያ ላይ የቅመም መጠቅለያ ሆነው አለቁ።

ኮምፒውተሩን የተከለልን ባለሙያ የፍሎፒዋን ጠርዝ፣ ቆረጥ ያለችውን ቦታ፣ በጥቁር ልጣፊ ደፍኖ «እንዳትነኪያት» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ካሴት አዋቂ ነኝ! የምንወደው ዘፈን እንዳይጠፋ የካሴቱን ጥርስ ሰብረን ቀዳዳውን ክፍት እንተወዋለን፤ ሌላ መቅዳት ሲያምረን በፕላስተር እንደፍነዋለን። ስለዚህ የተደፈነችው ፍሎፒ ለጥፋት የተመቻቸች መሰለችኝ። በባለሙያው ስቄበት ልጣፊዋን ላጥኳት።

በሳምንቱ የሥራ ባልደረባዬ ከመሳቢያዬ አንስቶ፣ ባዶ መስላው፣ እንደ አዲስ ጠርጎ የማዳበሪያ ዝርዝር ጻፈባት። ፍሎፒ የካሴት ተቃራኒ መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ የምትጠበቀው ስትደፈን ነበር።

ሽማግሌውን በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«አባባ፣ ዝናቡ ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጉሙ ካፖርታቸው ላይ ጤዛ ጥሎ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ልጄ የሄደበት ቀንም?»

«እሱም።»

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ገብተው የተለመደችው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጻፊ። አሥራ ሁለት ሚሊ። ልጄ ዘመተ።»

ጻፍኩና ቀጣዩን ጠበቅሁ። የሌላውን ቀን ዝናብ ግን አንዱንም አላስታወሱም። ፍሎፒዋን አውጥቼ ከአዲስ ጥቁር ልጣፊ ጋር ሰጠኋቸው። ለጠፉና በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ጫኗት።

«አሁንስ አይጠፋም?»

«አይጠፋም» አልኳቸው። አሁን እውነቴን ነበር።