ዞሮ የሚያየው ወታደር

ጓደኛዬ የጥንት የጃፓን የጦርነት ሥዕሎች ይሰበስባል፤ በእንጨት ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ። የመጀመሪያውን ያገኘው በአባቱ ነው። አባቱ መልካሳ እርሻ ምርምር ውስጥ የአንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ሾፌር ነበሩና ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ በስጦታ ሰጣቸው። ሌሎቹን አጎቱ ከውጭ ይልክለታል። ስለ ጦርነት ግጥም የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የኔ ግድግዳ ላይ ያለው ግን የባንክ ካላንደር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ቤታቸው ጠርቶ አዲሱን አሳየኝ። ወታደሮች በበረዶ መሃል ወንዝ ይሻገራሉ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ማሻአላህ በል እንጂ ልጄ!» አሉኝ ወሎዬዋ እናቱ ከበሩ ላይ። «በዓይንህ ልትበላብን ነው እንዴ?»

«ተዪው እማዬ፤ በረዶ በፍሪጅ እንጂ አይቶ አያውቅም» ብሎ ልጃቸው ሳቀ።

የጴንጤ ልጅ ብሆንም «ማሻአላህ» አልኩ።

ጓደኛዬ ሰይፉን፣ ባንዲራውን፣ ፈረሱን በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ። እኔ ጥግ ላይ ያለውን አንድ ወታደር አየሁ። ሁሉም ወደፊት ሲሄዱ እሱ ብቻ ዞሮ የተነሳበትን ዳር ያያል።

«ምን አገኘህ?» አለኝ።

«ምንም።»

ሥዕሉ የሱ ይሁን። ያንን ወታደር ግን አላካፍለውም።